እቅፍ ቀበቶ አይደለም

ቀጥታ ልንገራችሁ። ልጅ መኪና ውስጥ ታቅፎ አይሄድም። የእናት እቅፍ ይሁን የአያት፣ ጋቢና ይሁን ከኋላ፣ ሰፈር ውስጥ ይሁን አባይ በረሃ፣ ለውጥ የለውም። ይህን ስል እዚህ ደብረ ማርቆስ ስንቱ እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ። እኛ ዘንድ ልጅ የሚታቀፈው ስለሚወደድ ነው። ሕፃን ብቻውን ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየ ሰው እናቱን አንጀተ ደረቅ ያደርጋታል። በዚያ ላይ ታስሮ፣ በዚያ ላይ ፊቱን ወደ ኋላ መስታወት አዙሮ ካዩት ደግሞ ጉድ ፈላ።

መኪናችን ቪትዝ ናት። ከኋላ ሁለት የልጅ ወንበር ታስሮባታል። ሻጮቹ ካር ሲት ነው የሚሉት፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። አንዱ የትልቋ ነው፣ አራት ዓመቷ። ሌላው የትንሹ ነው፣ ገና ዓመት አልሞላውም። ነዳጅ ለመቅዳት ሰልፍ ስይዝ የሆነ ሰው ጎንበስ ብሎ በመስኮት ያያል። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይለኛል። ስነግረው ቀጥሎ የሚመጣው ያው ነው፤ «ታዲያ ብታቅፉት ምን አለበት?» የነዳጅ ሰልፍ ረጅም ስለሆነ ለማስረዳት ጊዜ አይጠፋም፤ ግን በየጊዜው ከምለፈልፍ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ውስጡ ያለው ሁሉ በ50 ነው የሚሄደው። እናንተም፣ ልጁም፣ ወንበር ላይ የተጣለው ስልክም። መኪናው ከሆነ ነገር ጋር ሲላተም ይቆማል። ልጁ ግን አልቆመም፤ የሚያቆመው ነገር እስኪያገኝ በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው አንዲት ሰከንድ ለአሥር ብትከፈል አንዷን በምታህል ጊዜ ውስጥ ነው። በዚያች ቅጽበት 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ክንዳችሁ ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት ከ200 እስከ 300 ኪሎ ይደርሳል። ሁለት ሦስት ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። ወፍጮ ቤት አንዱን ኩንታል ለማንሳት ሁለት ጎረምሳ ተጋግዞ፣ ያውም ተዘጋጅቶ፣ እህ ብሎ ነው። እናንተ ደግሞ ሦስቱን፣ ድንገት፣ ቁጭ እንዳላችሁ፣ ምናልባትም እያወራችሁ። ጉዳዩ የፍቅር አይደለም። ክንድ አይችለውም።

ይባስ ብሎ የሚያቅፈው ሰው ራሱ ቀበቶ ካላሰረ ልጁን ተከትሎ ይመጣል። ያኔ ልጁ በዳሽቦርዱና በእናቱ ደረት መሃል ነው የሚቀረው። አንዳንድ ሰው ደግሞ ብልጥ የሆነ መስሎት ራሱንና ልጁን በአንድ ቀበቶ ያስራል። ይህኛው የባሰ ነው። ከፊት ቀበቶው፣ ከኋላ 60 እና 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው፤ መሃል ያለው ልጅ ይጨፈለቃል። በአንቀልባ ጀርባ ላይ አዝሎ መቀመጥም እንደዚያው ነው፣ ወንበሩና የእናት ጀርባ ይጫኑታል።

«እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» የሚለኝ ሰው አለ። ይንዳ። ግን ጎጃም መንገድ ላይ ቀስ ብሎ የሚነዳም ፍሬን ይረግጣል። በገበያ ቀን ከደብረ ማርቆስ እስከ ደምበጫ አህያው፣ ጋሪው፣ በግ የሚነዳው ልጅ፣ ከጎን ዘሎ የሚገባው ባጃጅ፣ ሁሉም አስፋልቱ ላይ ነው። አንዲት አህያ ሐሳቧን ትቀይራለች፣ ሾፌሩ ፍሬን ይይዛል፣ ከኋላ ቆሞ በሁለቱ ወንበሮች መሃል አንገቱን ያወጣው ልጅ ማርሹ ላይ ይወድቃል። ግጭት የሚባል ነገር አልነበረም፤ አህያዋም ምንም አልሆነች። ልጁ ግን ግንባሩ ተከፍቷል።

ይህ የእኔ ፍርሃት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ በዓለም ላይ ሰውን በመግደል አንደኛው የመንገድ አደጋ ነው። ከወባ በላይ፣ ከሳንባ ነቀርሳ በላይ። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ደግሞ በትክክል የታሰረ ካር ሲት በቤት መኪና ውስጥ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን የመሞት ዕድል በ71 በመቶ፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለውን በ54 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ለልጆቻችን ክትባት ተሰልፈን እናስከትባለን። ይህም ቢያንስ ያን ያህል ሰልፍ ይገባዋል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ለምን ወደ ኋላ ዞሮ?

አዲስ የተወለደ ሕፃን ጭንቅላቱ የቁመቱን ሩብ ያህላል። የእኛ አንድ ስምንተኛ ቢሆን ነው። ያን ትልቅ ጭንቅላት የተሸከመው አንገት ደግሞ አጥንቱ ገና አልጠነከረም፣ ከፊሉ ልም አጥንት ነው። ሕፃኑ ወደ ፊት ዞሮ ታስሮ መኪናው ቢጋጭ፣ ማሰሪያው ትከሻውን ይይዘዋል፤ ጭንቅላቱን ግን የሚይዘው የለም። ወደ ፊት ይወነጨፋል፣ አንገቱ ይሳባል። ወደ ኋላ ዞሮ ከሆነ ግን ጭንቅላቱም አንገቱም ጀርባውም አንድ ላይ ወንበሩ ላይ ይደገፋሉ። ጉልበቱ በመላ ጀርባው ይከፋፈላል። ነገሩ ይኸው ነው።

ይህን ያሰበው በርቲል አልድማን የሚባል የስዊድን ሰው ነው፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ.። ጠፈርተኞች መንኮራኩር ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለው ሲወነጨፉ አይቶ ነው አሉ ሐሳቡ የመጣለት። ስዊድኖች እስካሁን ልጆቻቸውን እስከ አራት ዓመት ድረስ ወደ ኋላ አዙረው ነው የሚያስሩ። የተባበሩት መንግሥታት አዲሱ የካር ሲት ደንብ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው ወደ ኋላ ይዙር ይላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ ዕድሜ ከመቁጠር ይልቅ ወንበሩ የሚፈቅደው ክብደትና ቁመት እስኪያልቅ ድረስ እንዳታዞሩት ይላል። እኔ የያዝኩት የሐኪሞቹን ነው። ትልቋንም ያዞርናት ወንበሩ አልበቃት ሲል ነው። «እግሯ ይታጠፍባታል» ብለው ያዘኑላት ብዙ ነበሩ። ይታጠፍባታል፣ አዎ። ሳሎን ውስጥም አጣጥፋ ነው የምትቀመጠው፣ አንድም ቀን ከፍቷት አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ለጨቅላ ሕፃን ወንበሩ ዘንበል ማለት አለበት፣ 45 ዲግሪ ገደማ። በጣም ቀጥ ካለ ሲተኛ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ይወድቅና ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላል። አብዛኞቹ ወንበሮች ጎናቸው ላይ ለዚህ የሚሆን መስመር ወይም ምልክት አላቸው። ቤት ስትደርሱም ተኝቷል ብላችሁ እዚያው ወንበር ላይ አትተዉት፣ አውጥታችሁ አልጋው ላይ አስተኙት።

አሁን ስለ ጋቢ ላውራ። ይሄ ሌላ አገር ሰው የማይጽፍላችሁ የእኛ ጉዳይ ነው።

ደብረ ማርቆስ ይበርዳል። ጠዋት ከቤት ስንወጣ ትንፋሽ ይታያል። ለትንሹ ክርስትና አማቴ ከብቸና መጥተው ነበር፣ በ40 ቀኑ ሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ልጁን በጋቢ ጠቅልለው፣ በላዩ ላይ ደግሞ ነጠላ ደርበው፣ አፍንጫው ብቻ እየታየ አመጡልኝ። ወንበሩን ሲያዩ «ኧግ! ምን አጠፋና ታስሪዋለሽ?» አሉኝ። «እማዬ አንዴ ይዩኝ» አልኳቸው። ከነጋቢው አስቀመጥኩትና በላዩ አሰርኩት፣ ማሰሪያውን እስኪጠብቅ ሳብኩት። «ጠብቋል?» አልኳቸው። ነካክተው «ጠብቋል እንጂ፣ ኧረ በማርቆስ ልጁን አላልተሽ ልቀቂው» አሉ። ከዚያ ማሰሪያውን ሳላላላው ቁልፉን ብቻ ፈታሁ። ጋቢውን አወጣሁና ልጁን በዚያው ልክ መልሼ አሰርኩት። ማሰሪያው ተንዘላዘለ። ቀኝ እጄን ጨብጬ በማሰሪያውና በልጁ ደረት መሃል አስገባሁት፤ ገባ። እጄን እዚያው ትቼ ዝም ብዬ አየኋቸው።

«ይሄ ሁሉ ጋቢ ነበር?» አሉ።

ነበር። ግጭት ሲመጣ ጋቢው ውስጥ ያለው አየር ሁሉ ይጨመቃል፣ ያ ጭብጥ የሚያህል ክፍተት ይፈጠራል፣ ሕፃኑም በዚያ ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ ሥርዓቱ ቀላል ነው። ስስ ልብስ፣ ከዚያ ማሰሪያው፣ ከዚያ በላዩ ላይ ጋቢ። ወፍራም ጃኬትም እንደዚያው ነው፣ ይወልቅና ከታሰረ በኋላ በግልባጩ ክንዱን አስገብታችሁ ታለብሱታላችሁ። አማቴ ያን ቀን ጋቢውን በገዛ እጃቸው ከላይ አልብሰው እስከ አገጩ ድረስ ጠቀጠቁለት። አሁን ብቸና ላይ ለሰው ሁሉ የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ከምናገረው በላይ ይሰማሉ።

ማሰሪያው መጥበቁን ለማወቅ ትከሻው አጥንት ጋ በሁለት ጣት ቆንጥጡት። ጨርቁ ጣታችሁ መሃል ከታጠፈ ላልቷል፣ ሳቡት። ወደ ኋላ ለሚዞር ልጅ ማሰሪያው ከትከሻው ትክክል ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይውጣ። ወደ ፊት ለሚዞር ከትከሻው ትክክል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ። ልጅ ያድጋል፣ ማሰሪያው ግን አያድግም፤ በየጊዜው እያያችሁ ቀዳዳውን ቀይሩ።

«በአሮጌ ቪትዝ ላይ እንዴት ይታሰራል?» ለሚለኝ፣ መልሱ የሚያስቅ ነው። ከጃፓን የመጡት ቪትዞች አገር እኮ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ልጅ ወንበር እንዳይጫን በሕግ የደነገገ አገር ነው። መኪናዋ ከእኛ በፊት ታውቀዋለች። ከኋላ ወንበር መደገፊያና መቀመጫ መሃል ጣታችሁን ከታችሁ ፈልጉ። 28 ሳንቲ ሜትር ያህል የተራራቁ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ካገኛችሁ አይሶፊክስ የሚባለው እሱ ነው። እሱን የሚቀበል ካር ሲት ካላችሁ ጠቅ ጠቅ አድርጎ መሰካት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ በየከተማው እየበዙ ካሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች አይሶፊክስ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ የገዛችሁ ሰዎች ዛሬውኑ ፈልጉት።

ብረቱ ከሌለም ችግር የለም፣ በመኪናው ቀበቶ ይታሰራል። ቀበቶው ወንበሩ ላይ በተሠራለት መንገድ ያልፋል፤ የትኛው ለወደ ኋላ፣ የትኛው ለወደ ፊት እንደሆነ በቀለም ተለይቶ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በጉልበታችሁ ወንበሩን ወደ ታች ተጭናችሁ ቀበቶውን ሳቡ። አንዳንድ መኪና ላይ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትታችሁ ስትለቁት ጠቅ ጠቅ እያለ እየተቆለፈ ይመለሳል፣ ያ ግሩም ነው። ካልሆነ ወንበሩ የራሱ መቆንጠጫ ሊኖረው ይገባል። በመጨረሻ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዛችሁ ነቅንቁት። ከሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ ወዲያ ወዲህ ካለ እንደገና። እኔ ላብ እስኪወርደኝ ነው የማስረው። ባለቤቴ በዚህ ሰዓት ስልክ ይደወልለታል፣ ምን ዓይነት አጋጣሚ እንደሆነ አላውቅም።

ደብረ ማርቆስ ካር ሲት እንደ ልብ አይገኝም። ባሕር ዳር ይሻላል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ሞልቷል፣ ቴሌግራም ላይም ይሸጣል። ዋጋው ኪስ ይጎዳል፣ አልዋሽም። ስለዚህ ብዙ ሰው ያገለገለ ነው የሚገዛው፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይልካል። ያገለገለ ክፉ አይደለም፣ ታሪኩ ከታወቀ። አደጋ ውስጥ የነበረ ወንበር አይገዛም፣ ከላይ ምንም አይታይበት፣ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጀርባው ወይም ታቹ ላይ የተመረተበት ቀን ተጽፏል፣ ብዙዎቹ የአገልግሎት ጊዜያቸው ከ6 እስከ 10 ዓመት ነው፣ ፕላስቲኩ በፀሐይና በሙቀት ይደርቃል። ማሰሪያው የተቆረጠ፣ የተሰፋ ወይም ቁልፉ የጎደለ ከሆነ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት። ዘመዳችሁ እንዲልክላችሁ ከጠየቃችሁ ደግሞ የልጁን ክብደትና ቁመት ላኩለት። «አንድ ዓመቱ ነው» ብቻ አይበቃም፣ የእኛ ልጅና የእነሱ ልጅ በአንድ ዓመቱ እኩል ላይሆን ይችላል።

ስለ ማጠብም ይህችን ልበል። የልጅ ጭንቅላት ቅቤ ይቀባል፣ ቅቤው ወንበሩን ይቀባል፣ መኪናዋ በሙሉ ቅቤ ቅቤ ትላለች። ጨርቁ ይወልቃል፣ ይታጠባል። ማሰሪያውን ግን በረኪና አታስነኩት፣ አትዘፍዝፉትም፣ ክሩን ያደክመዋል። በእርጥብ ጨርቅና በትንሽ ሳሙና ጠረግ ጠረግ ማድረግ ይበቃል።

ልጁ ሲያድግ ከማሰሪያው ወንበር ወደ ቡስተር ይሸጋገራል። ቡስተር ልጁን ከፍ አድርጎ የትልቅ ሰው ቀበቶ ልኩ ላይ እንዲያርፍ የሚያደርግ ነው። የመኪና ቀበቶ፣ ያ በትከሻና በወገብ የሚያልፈው፣ ኒልስ ቦሊን የሚባል የቮልቮ መሐንዲስ በ1959 እ.ኤ.አ. ሲሠራው ትልቅ ሰው ነበር በሐሳቡ። ትንሽ ልጅ ላይ የላይኛው አንገቱ ላይ ያርፋል፣ የታችኛው ሆዱ ላይ። ሆድ አጥንት የለውም። ቀበቶው የዳሌ አጥንቱ ላይ ዝቅ ብሎ፣ ከላይ ደግሞ በአንገቱና በትከሻው ጫፍ መሃል ማለፍ አለበት። ልጁ ቁመቱ 145 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ ይህ ያለ ቡስተር አይሆንም። ይህ ማለት ብዙ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ገና ቡስተር ያስፈልገዋል። አንገቴን ፈተገኝ ብሎ ቀበቶውን በብብቱ ሥር የሚያሳልፍ ልጅም አለ፤ እንደዚያ ከሆነ የላይኛው ክፍል የለም እንደማለት ነው።

«ያለቅሳል» ትሉኛላችሁ። ያለቅሳል! ትልቋ ሁለት ዓመቷ ላይ አንድ ዘዴ ነበራት። ስታሰር ትንፋሿን ስባ ትከሻዋን ወደ ላይ ትሰቅላለች። አስሬ ስጨርስ ትከሻዋን ታወርዳለች፣ ክንዷን ቀስ ብላ ታወጣለች፣ ከዚያ በመስታወት ዓይን ዓይኔን እያየች ትስቃለች። ያኔ መኪናው ይቆማል። ጩኸት የለም፣ ቁጣ የለም፣ ማባበያ ከረሜላም የለም። ጠርዝ ይዤ እቆማለሁ፣ ሞተር አጠፋለሁ፣ እንደገና አስራለሁ። ልጆች ሞኝ አይደሉም። ሳይታሰር መኪና እንደማይነቃነቅ አንዴ ከገባቸው ነገሩ እንደ በር መዝጋት ይሆናል። አስቸጋሪው አንድ ቀን «ዛሬ ይቅር፣ እዚህ ጋ እኮ ነን» ማለት ነው። ያቺን አንድ ቀን አይረሷትም። እየነዱ ደግሞ እጅን ወደ ኋላ ዘርግቶ ለማሰር መታገል አይገባም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነው ነገሩ።

«የሚጠብቅ እግዜር ነው» የሚሉኝም አሉ። እሱማ ነው። መስታወቴ ላይ እኔም የእመቤታችንን ሥዕል ሰቅያለሁ። ግን የመኪናውን በር ሳንዘጋ አንነዳም፣ አይደል?

ረጅም መንገድ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ደጀን ላይ ልጁ በጋቢ ተጠቅልሏል፣ አባይ ድልድይ ጋ ስትደርሱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዳችኋልና ያ ጋቢ ምድጃ ይሆናል። መውረድ ከመጀመራችሁ በፊት አንሱለት። ከላይ ስለተደረበ ማሰሪያውን መፍታት እንኳ አያስፈልግም። መኪናዋ ፀሐይ ላይ ቆማ ከነበረ የማሰሪያውን ብረት በእጃችሁ ጀርባ ነክታችሁ እዩት፣ ልጅ ያቃጥላል። በረሃው ውስጥ ተሳቢው ከፊት እየተንፏቀቀ፣ አስፋልቱ ተጣጥፎ፣ ልጁ «ልውረድ» ብሎ ሲጮህ ፈትቶ ማቀፍ ያምራል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ግን በጭራሽ። ጎሐ ጽዮን ወይም ደጀን ሲደረስ ቆማችሁ እቀፉት፣ አጥቡት፣ አንሸራሽሩት።

ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ እንቆማለን። ፍኖተ ሰላም አንድ፣ ከዚያ ከእንጅባራ መዳረሻ ዘንገና ሐይቅ ጋ ሌላ። ሐይቁ ከአስፋልቱ ብዙ አይርቅም፣ ትልቋ ትሮጣለች፣ ትንሹ ይጠባል። ጉዞው ይረዝማል፤ ይርዘም። ስንመለስ ደግሞ መኪናዋ ጎጃም ጎጃም ትሆናለች፣ ማሩ በጀሪካን፣ ቅቤው በቅል፣ በዓል ከሆነ ዶሮውም አለ። ያ ጀሪካን ከኋላ መስታወት ሥር ከተቀመጠ ፍሬን ሲያዝ የሚመጣው ልጁ ላይ ነው። ከባድ ዕቃ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ከታች፣ ተደግፎ።

ጋቢና ለልጅ አይሆንም። እስከ 13 ዓመት ከኋላ ነው ቦታው። በተለይ ወደ ኋላ የሚዞር ወንበር ኤርባግ፣ ያ ግጭት ሲመጣ በቅጽበት የሚነፋው ከረጢት፣ ያለበት ጋቢና ላይ አይታሰብም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ የወንበሩን ጀርባ ይመታዋል፣ ከጀርባው ጋር ያለው ደግሞ የሕፃኑ ጭንቅላት ነው። ሠርግ ላይ በመስኮት ወገባቸውን አውጥተው እልል የሚሉትን ልጆች አላነሳም፣ ካነሳሁ አልጨርስም።

«መኪና የሌለንስ?» ለሚለው ሙሉ መልስ የለኝም። አብዛኛው ሰው በሚኒባስ፣ በቅጥቅጥና በባጃጅ ነው የሚሄደው። ባጃጅ ላይ ምንም አይታሰርም፤ ቢያንስ ልጁን ከሾፌሩ ጎን አታስቀምጡት፣ ከኋላ በሁለት ትልቅ ሰው መሃል አድርጉት። ሚኒባስ ላይ ጋቢናውንና በሩ አጠገብ ያለውን ተዉ፣ መሃል ተቀመጡ። ቀበቶ ብዙ ጊዜ ከወንበሩ ሥር ተቀብሮ አለ፣ ረዳቱን ጠይቁት፣ ይስቃል ግን ያወጣላችኋል። እናት ራሷን ታስር፣ ልጁን ከቀበቶው ውጭ ታቅፈው። ራሱን ችሎ መቀመጥ የሚችል ልጅ ከሆነ ደግሞ ጨክናችሁ ለብቻው ወንበር ክፈሉለትና እሰሩት፣ የወገብ ቀበቶ ብቻ ቢሆንም ከእቅፍ ይሻላል። ይህ ደኅና ነው አልልም። የባሰውን ያስቀራል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሊፍት ነው። ወደ ብቸና ስንሄድ፣ በተለይ ክረምት፣ ልጅ ያዘለች እናት መንገድ ዳር ቆማ እጇን ትዘረጋለች። ጥሎ ማለፍ አይሆንልኝም። ትንሹ አብሮን ከሌለ የሱ ወንበር ለሷ ልጅ ይሆናል። መጀመሪያ ዓይኗ ይፈጣል፣ ከዚያ ከትልቋ ጋር መሃል ላይ ተጣብቃ ትቀመጥና እሷም ትታሰራለች፣ እጇን ከልጁ ላይ አታነሳም። ታድርግ፣ እጅ አይከለከልም። ትንሹ ካለ ግን ጋቢናው ነው የሚቀረው፣ ኤርባግ ፊት ደግሞ ሕፃን አላስቀምጥም። ያኔ ቆሜ፣ ምክንያቱን ተናግሬ፣ ከኋላ የሚመጣ ሚኒባስ እስኪደርስ ዝናቡን መኪና ውስጥ አሳልፋ እንድትሳፈር አደርጋለሁ። የተቀየመችኝም አለች።

ቤት ስደርስ ያላላሁትን ማሰሪያ ወደ ትንሹ ልክ መመለስ አለብኝ፣ የዚያች እናት ልጅ ሁሌም ከሱ ወይ ይበልጣል ወይ ያንሳል። ይህ የሚረሳ ነገር ስለሆነ ማታውኑ፣ ቁልፉን ሳልሰቅል፣ ቀዳዳውን ቀይሬ እገባለሁ።